«ከየት ተገኘ?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም

የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ የብር ፔኒ መሰብሰብ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚሉ ሰዎች ዋጋውን ጠይቀው አያውቁም። እኔ ሶፍትዌር እየሠራሁ በደመወዝ የምኖር፣ ሠላሳ ያልሞላኝ ሰው ነኝ። በቀዳማዊ ኤድዋርድ ዘመን ሎንዶን ወይም ካንተርበሪ የተሠራ፣ ፊቱ ትንሽ የተፋቀ ፔኒ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ ባለው ይገኛል። ለመልስ ሲባል ለሁለት የተቆረጠ የቀደመ ዘመን ፔኒ ደግሞ ከዚያም ይረክሳል። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ብር በአንድ ምሽት የራት ወጪ ማለት ነው።

ስለዚህ የኪስ ማነስ በራሱ ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው ሰበብ ሲሆን ነው። ከሰብሳቢዎች ደጋግሜ የምሰማው ሰበብ ይሄ ነው፦ «ሰነድ፣ ምንጭ ምናምን ለባለ ብዙ ሺህ ፓውንድ ነው፤ እኔ ሳንቲሙ እውነተኛ ከሆነ ይበቃኛል።» አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ላስረዳ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1180 እስከ 1247 የተሠሩትን ባለ አጭር መስቀል ፔኒዎች እንውሰድ። ሁሉም ላይ የተጻፈው የንጉሥ ስም «ሄንሪከስ» ነው። ሪቻርድ ሲነግሥም ሄንሪከስ፣ ጆን ሲነግሥም ሄንሪከስ! በእኔ ሙያ ቋንቋ፣ ሥርዓቱን የተጠቀመ ሰው ሁሉ በአንድ ስም የተመዘገበበት ሎግ በሉት። ታዲያ ባለሙያዎች የትኛው የሪቻርድ፣ የትኛው የጆን እንደሆነ በምን ለዩ? ከኋላ ያለውን የሠሪውንና የከተማውን ስም አይተው፣ የጸጉሩንና የፊደሉን አሠራር አነጻጽረው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው ሳንቲም ከየትኛው ጋር አብሮ እንደተቀበረ መርምረው ነው። ድልቡ የሰዓት ማኅተም ነው። ሳንቲሙን ከድልቡ ነጥለህ ስትሸጠው ብሩ ይቀራል፣ መረጃው ይሰረዛል። የተሰረዘውን ደግሞ ከባክአፕ የሚመልስልህ የለም።

ሕጉም ይህን አውቆ ነው የተጻፈው። በ1996ቱ የእንግሊዝ የድልብ ሕግ መሠረት ከአንድ ቦታ የተገኙ፣ ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸውና ቢያንስ 10 በመቶ ወርቅ ወይም ብር ያለባቸው ሁለትና ከዚያ በላይ ሳንቲሞች ድልብ ናቸው። ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው ሹም ማስታወቅ አለበት። አንድ ለብቻው የወደቀ ፔኒ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድልብ አይባልም። ክፍተቱን አያችሁት? መቶ ሳንቲም ያገኘ ሌባ አንድ በአንድ በትኖ ቢሸጣቸው እያንዳንዱ «ለብቻው የተገኘ» ይመስላል። ሙዚየም ሰነድ ይጠይቀዋል። ትልቅ ጨረታ ቤትም ስሙን ይፈራል። የሚቀረው ማነው? «ለእኔ ሰነድ ቅንጦት ነው» የሚለው ባለ 40 ፓውንዱ ገዢ! ስለዚህ ድህነታችን ነጻ አያወጣንም፤ እንዲያውም ለሌባው የምንመቸው እኛ ነን።

ይህ ተራ ሥጋት አይደለም። በ2015 በሌምንስተር አቅራቢያ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ የቫይኪንግ ዘመን ድልብ ያገኙ ሰዎች ለመንግሥትም ለመሬቱ ባለቤትም ሳይናገሩ መሸጥ ጀመሩ። በ2019 ተፈርዶባቸው እስር ቤት ገቡ። ሳንቲሞቹ 300 ገደማ እንደነበሩ ሲገመት፣ እስከ ፍርዱ ድረስ የተገኙት 31 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የዌሴክሱ አልፍሬድና የመርሲያው ዳግማዊ ሴኦልዉልፍ በጋራ ያሠሩት ዓይነት ይገኝበታል። በአልፍሬድ ቤት የተጻፈው ታሪክ ሴኦልዉልፍን የቫይኪንጎች መጠቀሚያ ቂል አድርጎ አስቀርቶት ነበር፤ ሳንቲሞቹ ግን ሁለቱ አጋሮች እንደነበሩ ይመሰክራሉ። የተበተኑት ምን ይመሰክሩ እንደነበር ማን ይንገረን?

ሐበሻ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ይስቁብኛል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች! በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦቶቻችን ያሉት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አይደለም እንዴ? በእንግሊዝ የግኝቶችን መዝገብ የሚያስተዳድረውስ ይኸው ሙዚየም አይደለም?» ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ከዚህ የሚከተለው ምንድነው? የአክሱም ሳንቲም በውጭ አገር ጨረታ ሲቀርብ «ከየት አመጣችሁት?» ብለን የምንጮህ እኛ፣ የሄሪፎርድሻየር ገበሬ መሬት ላይ የተሰረቀውን ዝም ብለን ከገዛን ጩኸታችን መርህ ሳይሆን ኩርፊያ ብቻ ነበር ማለት ነው። ታቦቱ ይመለስ ለማለት አፋችን ሙሉ የሚሆነው እጃችን ንጹህ ሲሆን ነው።

ወረቀት የሌለው ፔኒ ሁሉ የተሰረቀ ነው አላልኩም። ብዙው በአያት መሳቢያ ውስጥ የኖረ ነው። የምለው ጠይቁ ነው፤ መጠየቅ በነጻ ነው። ከ1997 ጀምሮ ተራ ሰዎች ያገኟቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች የተመዘገቡበት የግኝቶች መዝገብ ማንም በኢንተርኔት ሊያየው ይችላል። ሻጩን የመዝገብ ቁጥር አለው ወይ፣ ካልሆነ የድሮ ሰብሳቢ ካርድ ወይም ደረሰኝ አለ ወይ በሉት። ጥያቄው የሚያስቆጣው ሻጭ ከሆነ ተዉት። አንድ ዓይነት ፔኒ፣ አንድ ዓይነት አፈር እንደያዘ፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ የሚያወጣ ሻጭ ካያችሁም ተዉት። የገዛችሁትን ወረቀት ደግሞ ከሳንቲሙ እኩል ጠብቁ፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ሰብሳቢ ምንጩ እናንተ ናችሁና።

በዓመት አምስት ከመግዛት ሁለት መግዛት ይሻላል። ትንሽ ኪስ ያለው ሰው በገንዘብ ሊወዳደር አይችልም፤ በትዕግስት ግን ማንም አይበልጠውም። 40 ፓውንድ ያለው ሰው «አልገዛም» የማለት መብቱ ከባለ 40 ሺህው እኩል ነው። ይህን መብት በርካሽ አንሽጠው።