በሻደይ ሰሞን ጓዳ የሚገባው ማነው?



ነሐሴ 17 ማታ አንድ ፎቶ ለጥፌ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አንድ ሳህን የአይብ ሳምቡሳ፣ ሁለት ብርጭቆ ጠላ፣ መሃል ላይ ሻማ። ከሥሩ «ለባለቤቴ፣ በገዛ እጄ የጋገርኩት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አይታችኋል። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ «ቲቸር ምን ነካህ?» አለ። አንዱ የድሮ ተማሪዬ «ኬሚስትሪው አልበቃ ብሎህ ነው ጓዳ የገባኸው?» አለኝ። አንድ ወዳጄ በውስጥ መስመር «የወንድ ስም አታሰድብ» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላው ደግሞ ከበድ ያለ ነገር ጠየቀኝ፤ «ሰው በተቸገረበት አገር የሳምቡሳ ፎቶ መለጠፍ አይከብድህም?»

ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ከሳምቡሳ አይደለም። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ቤት ትገባለች፤ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ጓዳ ነው። እኔስ? እኔ ፈተና አርማለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከማርመው ወረቀት ስልክ የምነካካው ይበልጣል።

የሻደይ ዕለት ትንሿ ልጃችን ቀሚሷን ለብሳ፣ ወገቧ ላይ ሻደዩን አስራ ከእኩዮቿ ጋር ወጣች። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየቻትና «እኔም ትናንት የተጫወትኩ ይመስለኛል። ካገባሁ ወዲህ ግን ሻደይ ለኔ የሥራ ሳምንት ሆነ» አለች። አልተቆጣችም፤ አላማረረችም። ብላው ብቻ ገባች። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

ለምታውቁት አልነግራችሁም፤ ከአገር የራቃችሁ ወይም ሌላ አገር ያደጋችሁ ግን ስሙኝ። ሻደይ ከነሐሴ 16 ጀምሮ እስከ 21 የሚከበር የሴቶች ጨዋታ ነው። እኛ ዋግ ላይ ሻደይ እንለዋለን፣ ላስታዎች አሸንድዬ፣ ቆቦዎች ሶለል፣ ትግራዮች አሸንዳ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። በልማዱ ያ ሰሞን ልጃገረድ ከቤት ሥራ ነጻ የምትሆንበት ነው። «ውሃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ» የሚላት የለም። እንዴት ያለ ደስ የሚል ልማድ ነው!

ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ልጅቷ ከጓዳ ስትወጣ ጓዳው ይዘጋል? አይዘጋም። እንግዳ ይመጣል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ጠላ ይቀዳል። የልጅቷ ሥራ የት ሄደ? እናቷ ላይ ተጨመረ። አባትና ወንድምማ በር ላይ ቁጭ ብለው ጨዋታውን ያያሉ። አያቶቻችን ልጃገረዷን በዓመት ስድስት ቀን ነጻ አወጧት፤ ያን ቀን ሥራውን ማን እንደሚረከብ ግን ለኛ ትተውልናል። በኔ ሐሳብ ሻደይ የሚሞላው ያን ሰሞን ወንዱ ጓዳ ሲገባ ነው።

እናም ነሐሴ 17 ማታ ባለቤቴን በገዛ እጄ ላስተናግድ ወሰንኩ። ሆቴል ልወስዳት እችል ነበር፤ ግን የመምህር ደመወዝ ታውቃላችሁ፣ ደግሞም ሆቴል ውስጥ የሚደክመው ሌላ ሰው ነው። ቦንቦሊኖና ኬክ መግዛትም ይቻላል። እኔ ግን የራሴን ድካም ነበር መስጠት የፈለግኩት።

ለምን አይብ? ጾሙ ተፈታ፣ ክረምት ነው፣ ሣሩ ለምለም ነው፣ ላሚቱ ታልባለች። በዚህ ሰሞን ከአይብ የተሻለ ምን አለ? ልጆቹ «ቫለንታይን» የሚሉት ቀን በኛ አቆጣጠር የካቲት 6 ወይም 7 ይውላል፤ አንዳንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ውስጥ ይገባል። እንዲያ ሲገጥም አይብና ቅቤ ያለው እራት ለጿሚ ሰው አይሆንም። የኛ የፍቅር ሰሞን ከቅቤው ጋር ገጥሞ የሚመጣው በሻደይ ነው። ድሮም እኮ ጎረምሳው ልጅቷን አይቶ ልቡ የሚከጅለው በሻደይ ጨዋታ ነበር። ታዲያ ካገባት በኋላ ሻደይን ለምን ይረሳዋል?

ገበያ ወጥቼ አይብ የምትሸጥ እናት ጋ ደረስኩ። ሁለት ኩባያ ስላት «ሚስትህ ታመመችብህ ወይ ልጄ?» አለችኝ። ወንድ አይብ የሚገዛው ሚስት ስትታመም ብቻ ነው ማለት ነው! «ደህና ናት፣ እኔ ልሠራላት ነው» ብዬ ስነግራት ሳቀችና አንድ እፍኝ መረቀችልኝ።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው። ተማሪዎቼ፣ ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ግን ይጠቅማችኋል።

ወተቱ ይረጋና እርጎ ይሆናል። እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ ነው። አሬራው በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰባል፣ ውሃው ይለያል፤ እሱ አጓት ነው። እሳቱ ከበዛ አይቡ ይደርቅና ይሻክራል። ጣልያኖች ስሙን ትተውልን የሄዱት ፎርማጆ የሚረጋው ግን በሌላ መንገድ ነው፤ ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ኢንዛይም። ለዚህ ነው አንዳንዱ የፎርማጆ ዓይነት ፒዛ ላይ ቀልጦ እንደ ክር የሚሳበው። የኛ አይብ የረጋው በአሲድና በሙቀት ስለሆነ ብታሞቁት አይቀልጥም። የያዘውን ውሃ እየለቀቀ ይደርቃል እንጂ።

ይሄን አስተምራለሁ፤ ግን ጓዳ ስገባ ረሳሁት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምቡሳዎች አይቡን ሳላጠነፍፍ ሞልቼ ጋገርኳቸው። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ሊጡን ቀደደው፤ ድስቱ ውስጥ የቀረው ሾርባ ነው። ኬሚስትሪ መምህሩ በአይብ ወደቀ! ደግነቱ የአይቡን ግማሽ አስቀርቼ ነበር። ለሁለት ሰው እሱ በቅቷል።

ለምትሞክሩት አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ሙሉው መጠን ለቤተሰብ ይበቃል።

ሁለት ኩባያ አይብ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ቋጥራችሁ ሌሊቱን ስቀሉት። ከቸኮላችሁ ከባድ ነገር ጫኑበትና ሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት። በጭብጥ ስትይዙት ውሃ ካልወጣው ደርሷል።

ለሊጡ ሦስት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ። ለብ ባለ ውሃ ጠንከር አድርጋችሁ አሹትና ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ስትዳምጡት ተመልሶ ይሰበሰባል።

አንድ ራስ ሽንኩርት በትንሽ ንጥር ቅቤ አቁላሉና አቀዝቅዙት። አይቡ ላይ እሱን፣ አንድ እንቁላል፣ የተከተፈ ቃሪያ፣ ቆንጥር ኮረሪማ፣ እንደምትችሉት ሚጥሚጣ ጨምሩ። ጤና አዳም ካላችሁ አንድ ሁለት ቅጠል ደቅቃችሁ ጣል አድርጉበት። እንቁላሉ ሲበስል አይቡን ስለሚይዘው አይበተንም።

ሊጡን በስሱ ዳምጣችሁ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ቁረጡ። አንድ ማንኪያ አይብ ከሞላችሁ በኋላ እጠፉትና ጠርዙን በሹካ ተጫኑት። እኔ በዘይት አልጠበስኩትም፤ ዘይት ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ። ምድጃም የለኝም። ብረት ድስት ቅባት ቀብቼ ደረደርኩት፣ በብረት ክዳን ከድኜ ከሥርም ከላይም ፍም አደረግኩበት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ወሰደ። መሃል ላይ አንዴ አገላብጡት፤ የታችኛው ፍም ትንሽ ይሁን፣ አለዚያ ያራል።

በዓለም ላይ አይብ በሊጥ ጠቅልሎ መጋገር አዲስ ነገር አይደለም። ቱርኮች ቦረክ ይሉታል፣ ጆርጂያዎች ኻቻፑሪ። ሳምቡሳ የሚለው ቃል ራሱ መነሻው ከፋርስ ነው። ቡልጋሪያዎች ደግሞ ባኒጻ የሚባል የአይብ መጋገሪያ አላቸው፤ ለአዲስ ዓመት ሲሠሩት የመልካም ምኞት ብጣሽ ወረቀት ውስጡ ይከታሉ፣ ለየሰው የደረሰው ዕድሉ ነው። ይህቺን ወደድኳትና ሰረቅኳት።

ባለቤቴ ስትገባ መብራት ጠፍቷል። ሻማው ለፍቅር ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ግን አምሮብናል። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። የደቀቀው ሽንኩርት ሸሚዜ ላይ አለ። «ማን ሠራው?» አለች። «እኔ»። ዝም አለች። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እቃውንስ ማን ያጥበዋል?»

«እኔ» አልኳት። ተቀመጠች። ከጎኑ ትንሽ የዋግ ማር አድርጌ ነበር፤ የሚጥሚጣውን አይብ ማሩ ላይ እየነካን በላን። ሦስተኛው ሳምቡሳ ውስጥ ወረቀቷን አገኘቻት፤ «ከነገ ጀምሮ የጠዋቱን ቡና እኔ አፈላለሁ» ትላለች። አነበበቻትና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። «ማስረጃ ነው» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እያፈላሁ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቡናው አሮብኝ ነበር፤ አሁን ደህና ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

«የወንድ ስም አታሰድብ» ላልከኝ ወዳጄ፦ ሌሊት ዳቦ ቤት ሊጥ የሚያቦካው ብዙ ጊዜ ማነው? ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ነጭ ቆብ አድርጎ የሚያበስለውስ? ወንድ ነው፤ ማንም አልሰደበውም። ሥራው ያው ሥራ፣ እሳቱ ያው እሳት። ለደመወዝ ሲሆን ሙያ፣ ለሚስት ሲሆን ነውር የሚሆንበትን ምክንያት አስረዳኝ።

«ሰው በተቸገረበት» ላልከኝ ደግሞ፦ እውነትህን ነው፣ ጥያቄው ልቤን ነክቶታል። ዋግ ድርቅንም ጦርነትንም ያየ አገር ነው፤ ከኔ ሠፈርም የተቸገረ አለ። ነገር ግን ያወጣሁት ገንዘብ ከሩቅ ለመጣ ኬክ አልሄደም፤ ከገጠር ተሸክማ ለመጣች እናት ነው የገባው። ሌላም ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ቃል ሲገባ ስሙ የተወሰደው ከኛው ከተማ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ስለ ሕጻን ምግብ ምክር ሲሰጥ የምትቀመጠው በአብዛኛው እናት ናት። አባት እንቁላል መቀቀል፣ ገንፎ ማገንፋት የማያውቅ ከሆነ እናት ሥራ ላይ ስትሆን ለሕጻኑ ማን ያበላዋል? ለኔ ሳምቡሳው መጀመሪያ ነው። ጓዳውን ለፍቅር ብሎ የለመደ አባት ለልጁም አይጠፋበትም።

ለድሮ ተማሪዎቼ የምላችሁ ግን ይበልጣል። ክፍል ውስጥ ሁሌ የማየው ነገር አለ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ የሚያንገላጅጃቸው ብዙዎቹ ሴቶቹ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን እቆጣ ነበር። አንድ ቀን አንዷን «ማታ ምን ስትሠሪ አደርሽ?» ስላት «እንጀራ ጋግሬ ነው የመጣሁት ቲቸር» አለችኝ። ከኋላዋ የተቀመጠው ወንድሟ ነው፤ ያንኑ እንጀራ በልቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ ነው የመጣው። ሁለቱንም በአንድ ፈተና እፈትናቸዋለሁ። ውጤት ሲወጣ «ወንዶቹ ጎበዞች ናቸው» እንላለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄን ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

እናንተ ወንዶቹ፣ አሁን አብዛኞቻችሁ አግብታችኋል፤ ሌሎቻችሁም መንገድ ላይ ናችሁ። ሚስታችሁን፣ እጮኛችሁን ማስደሰት ከፈለጋችሁ ተበድራችሁ አበባ አትግዙ። አንድ ምሽት አይብ አጠንፉ፣ ሊጥ እሹ፣ እጃችሁ ይቃጠል። ቢበላሽም አትፈሩ፤ የኔ አምስቱ ተበላሽተዋል። ያላገባችሁ ደግሞ ለእናታችሁ አድርጉት። እህት ያላችሁ በፈተና ሰሞን እንጀራውን ወይም ወጡን ተቀበሏት፣ እሷ ታጥና።

እናንተ ሴቶቹ ደግሞ፣ ወንዶቹ መጀመሪያ ሲሠሩ አትሳቁባቸው። እሺ፣ ትንሽ ሳቁ።

ለሚመጣው ሻደይ ልጄ ሰባት ዓመት ይሞላታል። ሻደይዋን አስራ ስትወጣ እናቷም አብራት እንድትወጣ ተስማምተናል። ጓዳው ውስጥ የምቀረው እኔ ነኝ። እንግዳ ሆናችሁ ብትመጡ በሩ ክፍት ነው፤ አይቡን ግን በዋዜማው እሰቅለዋለሁ፣ ስንት ሰው እንደምትሆኑ ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ።

የሞከራችሁት ፎቶውን ከሥር ለጥፉልኝ፤ ያረረውንም ቢሆን። መልካም ሰሞን!