ፊሌቶውን ተዉት፣ ሙሉውን ዓሳ ግዙ

«ዓሳ ተወደደ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ፊሌቶ ነው። ቆሮሶ አጥንቱና ቆዳው ሲወጣ የሚተርፈው ሥጋ ከጠቅላላ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ ፊሌቶ የሚገዛ ሰው የሦስት ኪሎ ዓሳ ዋጋ ከነእጅ ዋጋው ከፍሎ፣ ጣዕም ያለውን ክፍል ለሻጩ ትቶ ይሄዳል ማለት ነው። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ለዚህ አልነበረም፤ ግን ሒሳብ ሒሳብ ነው።

መረቁን የሚያጣፍጠው ጭንቅላቱና አጥንቱ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሳ ሾርባ የጠጣ ሰው ያውቀዋል።

ሻጩ ቅርፊቱን ፍቆ፣ ቆራርጦ፣ ጭንቅላቱንም ጨምሮ ይስጣችሁ። ከጭንቅላቱ ውስጥ ቀዩን መተንፈሻ አውጡ፣ መረቁን ያመርረዋል። ጭንቅላቱንና ጅራቱን 20 ደቂቃ ቀቅላችሁ አጥልሉ። በዚያው ድስት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቲማቲም አቁላሉ፤ መረቁን መልሱ፣ ድንች ጨምሩ። ድንቹ ሲበስል ዓሳውን ክተቱ፤ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ማማሰያ አታስገቡ፣ ይበታተናል፤ ድስቱን ወዝወዝ ማድረግ ነው። ቃሪያና ሎሚ መጨረሻ ላይ።

የበሬ ቅቅል ከአንድ ሰዓት በላይ እሳት ይበላል። አከራይ ቆጣሪ እያየ በሚያጉረመርምበት ግቢ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አጥንቱስ? እውነት ነው፣ ቆሮሶ ያስቸግራል። ልጆች ካሉ አምባዛ ይሻላል። (ጾም ላይ ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለዛሬ ተዉልኝ።) የተረፈው መረቅ ደግሞ በማግስቱ ፍርፍር ይሆናል።