ዳዊት ሲነሣ ኦርዮም ይነሣል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰቆጣ ወጣቶች፥ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ከለንደን ሲመለስ በታላቅ ክብር ተቀበልነው። በየመድረኩም ጀግንነታቸው ይወደሳል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ያስገደሉት እርሳቸው ናቸው። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ፥ ኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፥ በእርሳቸው ላይ ሸፍተዋል። በ1859 ዓ.ም. የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተዘረፉ፥ ነደዱም፤ ጳጳሱ አቡነ ሰላማም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በእስር እንዳሉ ዐረፉ። ይህን ከመድረክ ስንት ጊዜ ሰማችሁ?

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይባላል። መልካም ጨዋነት ነው፤ ዳሩ ግን ዋግሹም ገብረ መድኅንም ሙት ናቸው፤ አቡኑም እንዲሁ። ስለ ገዳዩ ክብር ሲባል የተገደለውን ዝም ማሰኘት ከየት የመጣ ጨዋነት ነው? «አገር አንድ ለማድረግ ነው» የሚለውም ምክንያት የተቃጠለ መቅደስ አያድስም።

ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥር ሰሎሞን የተወለደው ከኦርዮ ሚስት መሆኑን ሳይሸሽግ ጻፈ። ዳዊት በንስሐው ከበረ እንጂ በዚህ አልተዋረደም፤ የኦርዮም ስም በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል።

እንግዲህ በሚቀጥለው የታሪክ በዓል ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጽሑፍ የምታቀርቡ ሁሉ፥ የዋግሹም ገብረ መድኅንንና የአቡነ ሰላማን ስም በዚያው መድረክ፥ በዚያው ድምፅ ጥሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።