የሳምንቱ ሩጫና የሰዓታችን ነገር

ሩጫ የጥቂት ጀግኖች ሥራ ብቻ ሆኖ የሚታይበት ዘመን አልፏል። ዛሬ መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ የቢሮ ሠራተኛውና የቤት እመቤቷ፣ ሜዳልያ ሳይሹ፣ በሳምንት አንድ ቀን ማልደው ተነሥተው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይሮጣሉ። በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ወይራ ሰፈር፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ መንገድ የወጣ ሰው ሁለትም ሦስትም፣ አንዳንድ ጊዜም ሃያና ሠላሳ ሆነው የሚሮጡ ሰዎችን ያያል። በየወረዳው የሚደረገው የማስ ስፖርት፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም አንዳንድ መንገዶች በተወሰኑ እሑዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለእግረኛ መከፈታቸው፣ ይህን ልማድ አበርትተውታል። ከሁሉ በላይ ግን በየዓመቱ በኅዳር ወር የሚደረገው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሕዝቡን አነቃቅቷል። ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ተመዝግቦበት ነበር፤ በኋላ ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል።

ልማዱ ሲጸና አንድ ጥያቄ አብሮ መጣ፤ እርሱም የሰዓት ጥያቄ ነው። በየሰው ኪስ ያለው ስልክ ርቀቱንም ደቂቃውንም ስለሚቈጥር፣ «ባለፈው ሳምንት 36 ደቂቃ ነበርኩ፣ ዛሬ 37፤ ምን ነካኝ?» የሚል ሰው በዝቷል። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰው የሚለካውን ነገር ይከታተለዋልና። ነገር ግን በዚሁ ምክንያት አንዳንዱ ጉልበቱን ጎድቶ ለወራት ይተኛል፤ ሌላው፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፋው፣ ወደ ኋላ መቅረቱን አይቶ ያፍርና ሳይሰናበት ይቀራል። የደም ግፊቱን ወይም ስኳሩን ለመቋቋም ብሎ የጀመረ አባወራ ስለ አንድ ደቂቃ ሲል ሩጫውን ቢተው፣ ጉዳቱ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይተርፋል። ስለዚህ ሰዓት በእውነት የሚሻሻለው በምን እንደሆነ መመልከቱ ይበጃል።

በቅድሚያ ሒሳቡን እንይ። 5 ኪሎ ሜትር በ35 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ይሮጣል። ይህ ሰው በ34 ደቂቃ ለመጨረስ ቢመኝ ከየኪሎ ሜትሩ 12 ሰኮንድ መቀነስ ብቻ ይበቃዋል። ብዙው ሰው የሚያደርገው ግን እንዲህ አይደለም። ከመነሻው ላይ ከወጣቶቹ ጋር ይሽቀዳደምና የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ይሮጣል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወገቡን ይዞ ይቆማል። በመጀመሪያ ያተረፈውን አንድ ደቂቃ በአራተኛውና በአምስተኛው ኪሎ ሜትር ሁለትና ሦስት አድርጎ ይከፍላል። ጡንቻ ሳንባና ልብ ከሚያደርሱለት አየር በላይ እንዲሠራ ሲገደድ ይዝላል፤ የዛለው ጡንቻም እየሮጡ አያገግምም። ስለዚህ ምንም ዓይነት ተጨማሪ ልምምድ ሳይደረግ፣ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በመታገሥ ብቻ አንድና ሁለት ደቂቃ ለማሻሻል ይቻላል።

ይህ ትዕግሥት በእኛ ከተማ ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ሩጫችን በሩብ ይዘገያል ማለት ሳይሆን፣ ከአቅም በላይ ለተሮጠ እያንዳንዱ መቶ ሜትር የሚከፈለው ዋጋ ይከብዳል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከተማይቱ በእንጦጦ ግርጌ ስለተዘረጋች ወደ ሰሜን የሚሮጥ ሁሉ ዳገት ይጠብቀዋል። ኮልፌም ቢሆን ዳገትና ቁልቁለት አያጣም፤ ቀራንዮ የሚለው ስም የጌታችንን ስቅለት ኮረብታ የሚያስታውስ መሆኑ ለመልክዐ ምድሩም ይስማማል።

በውጭ አገር ካሉ ዘመዶቻችን ጋር ሰዓት የምናወዳድር ሰዎች ይህንን ባንዘነጋ ጥሩ ነው። በመስከረም 1997 ዓ.ም. በለንደን ቡሺ ፓርክ በሚባለው ሰፊ መናፈሻ 13 ሰዎች አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው 5 ኪሎ ሜትር ሮጡ። ፓርክ ረን የተባለው ይህ ሳምንታዊ ሩጫ፣ ያለ ክፍያ፣ በበጎ ፈቃደኞች ድካም፣ ዛሬ ከ20 በላይ በሆኑ አገሮች ይደረጋል፤ ከተሰደዱት ወገኖቻችንም በዚሁ የሚሮጡ አሉ። የየሰውም ሰዓት ይመዘገባል። ወንድም ከለንደን «በ27 ደቂቃ ጨረስኩ» ብሎ ቢደውልና እኅቱ በኮልፌ በ31 ብትጨርስ፣ ማን እንደበለጠ ስልክ ሊናገር አይችልም። እርሱ በዝቅተኛ አገር በተደለደለ መናፈሻ፣ እርስዋ በደጋ አየር ጉድጓድና ዳገት ባለበት መንገድ ሮጠዋልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰዓት የሚሻሻለው በሩጫው ቀን አይደለም፤ በቀሩት ስድስት ቀኖች ነው። የሳምንቱ ሩጫ መለኪያ ነው፤ ጤፍን ደጋግሞ መመዘን እንደማያበዛው ሁሉ፣ በየሳምንቱ እስከ ማቃሰት መሮጥም ጉልበትን አይጨምርም። ልብና የደም ሥሮች የሚሰፉት፣ ጅማትና አጥንት የሚጠነክሩት በሶምሶማ ነው። ታዲያ የሶምሶማ ልኩ ምንድን ነው? ከጎን ካለው ሰው ጋር ሳይቆራረጡ ለመነጋገር የሚያስችል ፍጥነት ነው። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ደግሞ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ የሚያውቅ ከሆነ እያነበነበ ይሩጥ፤ ትንፋሹ ከቃሉ መካከል ካልቆረጠው ፍጥነቱ ልክ ነው።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን እንዲህ ዝግ ብሎ ግማሽ ሰዓት ያህል መሮጥ፣ በአንድ ቀን ብቻ ዳገት ላይ አራት አምስት ጊዜ ጠንከር ብሎ መውጣትና እየተራመዱ መውረድ፣ በቀሩት ቀኖች ማረፍ፤ ለአማተር ሯጭ ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም። ርቀቱንም በጥቂት በጥቂቱ እንጂ በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ሕመም መጥሪያ ነው። በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ የሚለማመዱትን ታላላቅ ሯጮቻችንን ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ቀለል ባለው ቀን እርስ በርሳቸው አይሽቀዳደሙም፤ በአንድ መሥመር ሆነው የፊተኛውን እግር እየተከተሉ ይሮጣሉ። የሰፈር ቡድኖችም ይህን ቢከተሉ መልካም ነበር። ከፊት የሚሆነውም ፈጣኑ ሰው ባይሆን እንመርጣለን።

ሰዓት በጥቂቱ እንደሚቀንስና አንዳንዴም ወደ ኋላ እንደሚመለስ ለማየት የኃይሌ ገብረ ሥላሴን የማራቶን ሰዓቶች መዘርዘር ይበቃል። በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. በለንደን 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ35 ሰኮንድ ሮጠ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአምስተርዳም 2፡06፡20 ሆነ፤ በአራተኛው ዓመት መሆኑ ነው፣ ያሻሻለው 15 ሰኮንድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በለንደን ዘጠነኛ ወጣ። በመስከረም 1999 ዓ.ም. በበርሊን 2፡05፡56 ገባ፤ በሚያዝያ ግን በለንደን ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ከዚያ አምስት ወር አለፈና መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ አዲሱ ሺህ ዓመት ገና 19 ቀኑን ሲይዝ፣ በዚያው በበርሊን በ2፡04፡26 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. ደግሞ 2፡03፡59 አደረሰው። እንግዲህ በስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ ውስጥ ያተረፈው 2 ደቂቃ ከ36 ሰኮንድ ነው፤ ለዚህም በመካከሉ ሁለት መጥፎ ሚያዝያዎችን አሳልፏል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ደቂቃ ሊቀንስ የሚቸኩል ጎረቤት ይህን ይቍጠረው። በእርግጥ ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ፈጥኖ ይሻሻላል፤ ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ሲዘገይ የሰውነቱ ደካማነት መስሎት ማዘኑ አይገባውም።

ስለ እናቶች አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይሆንልንም። በብዙ ቤት አባት ለሩጫ ሲወጣ ቁርሱ፣ የልጆቹ ልብስ፣ የሚሞላው ውኃ፣ የሚጠረገው ቤት ሁሉ እናት ላይ ይቀራል። ከሩጫው ሲመለስም ውኃ ተሞቆ፣ ምግብ ቀርቦ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ «እርሷ እኮ ስንፍና ነው እንጂ ከእኔ ጋር ብትሮጥ» ሲባል እንሰማለን። እናት የምትሮጥበት ሰዓት ካልተሰጣት ሰዓቷን ምን ልታሻሽል ትችላለች? በሳምንት ሁለት ማለዳ፣ አርባ አርባ ደቂቃ፣ ቁርስ የማቅረቡንና ልጆችን የማንሣቱን ሥራ አባት ወይም ትልልቆቹ ልጆች ቢረከቡ፣ የሚጎድል ነገር የለም። ሽሮውን ያሳረረ አባት በሦስተኛው ሳምንት ይለምደዋል።

እናትነት የሩጫ መጨረሻ አለመሆኑን ደራርቱ ቱሉ ለዓለም አሳይታለች። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትርን ያሸነፈችው በ31 ደቂቃ ከ6 ሰኮንድ ነበር። መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ዳግመኛ ስታሸንፍ፣ በመካከሉ ልጅ ወልዳ እናት ሆና ሳለ፣ ሰዓቷ 30 ደቂቃ ከ17 ሰኮንድ ሆነ። ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀው «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫም በከተማችን ይደረጋል፤ እናትና ልጅ አብረው ሊሰለፉበት የሚችሉ ነው።

ይህ የሴቶች ሩጫ ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል የጾምን ነገር ማንሣት ግድ ይለናል። በ55ቱ ቀን ውስጥ የሰዓት መሻሻልን አለመፈለግ ይሻላል፤ ያገኙትን ይዞ መቆየት ይበቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እህል ውኃ ሳይቀመስ ስለሚዋል፣ ሶምሶማው ጾሙ ሊፈታ ሲል በማምሻው ቢሆን፣ እንደተመለሱም ውኃና ምግብ ስለሚገኝ፣ ሰውነት አይጎዳም። በቅዳሜና በእሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውኃ ስለማይታገዱ፣ ጠንከር ያለው ሩጫ ለቅዳሜ ማለዳ ይቀመጥ። እሑድ ማለዳ የቅዳሴ ሰዓት ነው፤ ይልቁንም ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው አስቀድሞ ሮጦ ተጠምቶ መቆም አይገባውም። ቅዳሜ ወደ መርካቶ የሚወርዱ ነጋዴዎች ቡድናቸውን እሑድ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ቢሰበስቡ ሁሉም ይስማማል።

ምግቡን በተመለከተ፣ በሶ በውኃ ተበጥብጦ ለሯጭ የታወቀ ስንቅ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ለደም የሚያስፈልገውን የብረት ማዕድን ይሰጣሉ፤ ከእነርሱ ጋር ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢጨመር ሰውነት የብረቱን ማዕድን አብልጦ ይወስዳል። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ይህንኑ ይከለክላል። ቡናችንን ተዉ ማለታችን አይደለም፤ ማን ይሰማናል! ረከቦቱ ከማዕዱ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ቢቀርብ በቂ ነው፤ ይልቁንም በየወሩ ደም ለሚያፈሱ ሴቶችና ለልጃገረዶች።

ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ወይም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ፤ ደረቱን የሚይዘው፣ የሚያዞረው ሰው በዚያች ቅጽበት ሩጫውን ያቁም።

ሰዓት መያዝ ለሚወድ አንድ ደብተር ይበቃዋል። በውስጡም ቀኑን፣ የሮጠበትን መንገድ፣ ደቂቃውን፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ጾም ወይም ፍስክ መሆኑን ይጻፍ። ሰዓት የሚለካው በአንድ መንገድ ላይ በወር አንድ ጊዜ ይሁን፤ የዘንድሮውን ጥር ከአምናው ጥር ጋር እንጂ ከሐምሌ ጭቃ ጋር አያወዳድር። በክረምቱ አስፋልቱ ስለሚያንሸራትትና መኪና ነጂም በዝናብ ስለማያይ፣ ሩጫውን ማሳነስ ነውር የለውም። ከመስቀል እስከ ታላቁ ሩጫ ሰባት ስምንት ሳምንት ይኖራል፤ ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሶምሶማ ብቻ ይለፉ፤ ዳገቱ በአራተኛው ይጀመር፤ የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ የእረፍት ይሁን።