ጥፋተኛ ብትሆንስ?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2022 ከሞስኮ ወጣ ብላ በምትገኘው ኺምኪ ከተማ ፍርድ ቤት፣ አሜሪካዊቷ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ብሪትኒ ግራይነር የቀረበባትን ክስ አመነች። በሻንጣዋ የተገኘው የካናቢስ ዘይት በጥድፊያ ስትሸክፍ ሳታስበው የገባ እንደሆነ፣ የአገሩን ሕግ የመጣስ ሐሳብም እንዳልነበራት ተናገረች። አንድ ተከሳሽ ጥፋቱን ካመነ በኋላ ለእሱ መጮህ ይከብዳል፤ ብዙ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በግራይነር ጉዳይ ግን የሆነው ሌላ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ በቺካጎ በተካሄደው የአሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ (ደብሊው ኤን ቢ ኤ) የከዋክብት ጨዋታ፣ ከእረፍት መልስ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች በሙሉ የእሷን ስምና 42 ቁጥር የያዘ ማሊያ ለብሰው ሜዳ ገቡ። ደጋፊዎቿ ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ልክ የነበሩትም ንጹሕ ስለሆነች አይደለም። በሰው አገር ለታሰረ ሰው ድምፅ ማሰማት የታሳሪውን ንጹሕነት ማረጋገጥ አይጠይቅም፤ የግራይነር ጉዳይ ይህንን በደንብ ያሳየናል፤ እኛም በየእስር ቤቱ ላሉብን ወገኖቻችን ስንል ልናስብበት ይገባል።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ግራይነር የተያዘችው ፌብሩዋሪ 17፣ ሩሲያ ዩክሬንን ከመውረሯ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በሸረሜትዬቮ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የተገኘባት ዘይት ከ0.7 ግራም ብዙም የማይዘል ነበር። በምትኖርበት አሪዞና ሐኪም ለሕመም ማስታገሻ እንድትጠቀምበት ጽፎላታል፤ ያ ወረቀት ግን ሩሲያ ውስጥ ዋጋ የለውም። ወደዚያ የሄደችውም ለሽርሽር አይደለም። በአሜሪካው የሴቶች ሊግ የአንዲት ምርጥ ተጫዋች የዓመት ደመወዝ ጣሪያ 228 ሺሕ ዶላር አካባቢ በነበረበት ጊዜ፣ የየካተሪንበርግ ክለቧ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፍላት እንደነበር ተዘግቧል። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ በአንገቷ ያጠለቀች ሴት የአገሯ ውድድር ሲያበቃ ማረፉን ትታ ወደ ኡራል ተራሮች ግርጌ የምትመላለሰው ለእንጀራዋ ነበር። ለእንጀራ ተብሎ ባሕር መሻገርን ለሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ኦገስት 4 ቀን ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዓመት እስራትና አንድ ሚሊዮን ሩብል መቀጮ ወሰነባት። ዐቃቤ ሕግ የጠየቀው ዘጠኝ ዓመት ተኩል ነበር። ጠበቆቿ እንዳስረዱት በሩሲያ በዚህ ዓይነት ወንጀል የሚወሰነው አማካይ ቅጣት አምስት ዓመት ያህል ሲሆን፣ ከሚፈረድባቸው ሰዎች ሲሶ የሚጠጉት በአመክሮ ይፈታሉ። እንግዲህ ተከሳሿ ጥፋቷን አምናለች፤ ይቅርታ ጠይቃለች፤ የተገኘባትም ከአንድ ግራም በታች ነው። በየትኛውም ችሎት ቅጣት ያቀላሉ የሚባሉት እነዚህ ነገሮች ሁሉ ቀርበው ሳለ የተወሰነባት ከአማካዩ በእጥፍ ሊስተካከል ምንም ያልቀረው ነው። ጥፋትና ቅጣት እንዲህ ሲራራቁ፣ ልዩነቱን የሞላው ከሕግ ውጭ የሆነ ነገር መሆኑን ለመጠርጠር የዲፕሎማሲ ሊቅ መሆን አይጠይቅም።

ደጋፊዎቿ የያዙት ይህንን ነው። "አላደረገችም" ብለው አልተከራከሩም፤ "ለዚህ ጥፋት ይህ አይገባም፤ የመንግሥታት ጠብ ዕዳም በእሷ ላይ ሊወራረድ አይገባም" አሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን እነሱም ዝም ብለው ነበር፤ ጩኸት ዋጋዋን ያንረዋል ተብሎ ስለተመከረ ቤተሰቧም ሊጉም አፋቸውን ይዘው ቆዩ። የአሜሪካ ቆንስላ ባለሥልጣን እስር ቤት ገብቶ ሊያያት የተፈቀደለት ከአንድ ወር በላይ ከቆየ በኋላ ነው። በሜይ መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት "ያለ አግባብ የታሰረች" ብሎ ሲፈርጃት ዝምታው አበቃ። የአሥራ ሁለቱም ቡድኖች መጫወቻ ወለል ላይ የስሟ መነሻ ፊደላትና ቁጥሯ ተጻፈ፤ ትፈታ የሚለውን አቤቱታ ከ300 ሺሕ በላይ ሰው ፈረመ።

ይህ ጩኸት ምን ፈየደ ለሚል ሰው አንዲት ቅዳሜን ማየት ይበቃል። ጁን 18 ቀን፣ በጋብቻቸው አራተኛ ዓመት፣ ግራይነር በሞስኮ የአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ከትዳር አጋሯ ከሸሬል ጋር በስልክ እንድትገናኝ ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። ከታሰረች ወዲህ የመጀመሪያው ንግግራቸው ሊሆን ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። የኤምባሲው ስልክ ጠራ፤ ያነሳው የለም። ቅዳሜ ስለነበር ስልኩ ዘንድ ሰው አልተመደበም። ክፋት አይደለም፤ ቢሮ ነው። የቢሮ ነገር ደግሞ ሰው ካላየው በዚያው ይቀራል። ሸሬል ጉዳዩን ለጋዜጠኞች ተናገረች፤ መሥሪያ ቤቱ መጸጸቱን በይፋ ለመግለጽ ተገደደ። ጁላይ 4 ቀን ግራይነር ለፕሬዚዳንት ባይደን በእጇ የጻፈችው ደብዳቤ ዋይት ሐውስ ደረሰ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ለሸሬል ደወሉ። በወሩ መገባደጃ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ብሊንከን ለሩሲያ ጠንከር ያለ ሐሳብ መቅረቡን በአደባባይ አስታወቁ። የሕዝብ ድምፅ የእስር ቤት በር የሚከፍት ቁልፍ ነው እያልኩ አይደለም፤ ቁልፉ በመንግሥታት እጅ ነው። ድምፁ ያደረገው ቁልፉን የያዘው ሰው ቅዳሜም ሥራ እንዲገባ ነው።

ድጋፉን የአሜሪካውያን ጭፍን ወገንተኝነት አድርጎ የሚያይ ካለ ደግሞ፣ በዚያው ችሎት የቆመችውን ሩሲያዊት ያስታውስ። የየካተሪንበርጉ ቡድን አምበል ዬቭጌኒያ ቤልያኮቫ፣ አገሯ ጦርነት ላይ ባለችበት፣ ለአሜሪካዊ ደግ ቃል መናገር በማያስመሰግንበት ሰዓት ፍርድ ቤት ቀርባ ስለ ጓደኛዋ መልካም ባሕርይ መሰከረች። የክለቡ ኃላፊም እንዲሁ አደረጉ። ሁለቱም ስለ ክሱ አልተከራከሩም፤ ስለ ሰብእናዋ ነው የመሰከሩላት። በማግስቱ ግራይነር በብረት ዘንግ በታጠረው የተከሳሽ ሣጥን ውስጥ ቆማ፣ የቺካጎዎቹ ተጫዋቾች የእሷን ማሊያ ለብሰው የተነሡትን ፎቶግራፍ ወደ ካሜራዎቹ ከፍ አድርጋ አሳየች። ከሩሲያም ከአሜሪካም የመጣው ድጋፍ አንድ ዓይነት ነበር፤ የሠራችውን እያወቁ አልተዋትም።

"የሰው አገር ሕግ ይከበር" የሚለው ተቃውሞ በእኛም ዘንድ ብዙ ሰው የሚስማማበት ነው፤ እኔም እስማማለሁ። እንግዳ የአስተናጋጁን ሕግ ማክበር አለበት፤ ሩሲያ ካናቢስን መከልከል መብቷ ነው። ሆኖም ሕግን ማክበር የሚያስገድደው ግለሰብን ብቻ አይደለም። ሕጉን የሚያስፈጽመውም አካል ተከሳሽ የሚፈርመውን ወረቀት እንዲረዳ ማድረግ፣ ቅጣቱንም በጥፋቱ ልክ መመዘን አለበት። ግራይነር በችሎት እንዳስረዳችው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስተርጓሚው ከሚባለው ጥቂቱን ብቻ ነበር የሚነግራት፤ ያልተብራራላትን ሰነድ ፈርሚ ተብላለች። ይህን መቃወም የሩሲያን ሕግ መናቅ አይደለም። እንዲያውም የመመጣጠን ጥያቄ አንዴ ከተነሣ ድንበር አይመርጥም። አሜሪካ ራሷ ስንቱን በማሪዋና አስራ እያለች ግራይነርን ያለ አግባብ ታሰረች ትላለች ወይ ያሉ ተቺዎች ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም ትክክለኛ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ ግራይነር ገና እስር ላይ ሳለች፣ ባይደን በፌዴራል ሕግ ማሪዋና በመያዝ ብቻ ለተፈረደባቸው ሰዎች ምሕረት አደረጉ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ዝነኛ ስለሆነች ነው የሚለው። እውነት አለው። ማርክ ፎገል የሚባል አሜሪካዊ መምህር በኦገስት 2021 በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ 17 ግራም ያህል ለሕክምና የያዘው ማሪዋና ተገኝቶበት 14 ዓመት ተፈረደበት። ግራይነር ዲሴምበር 8 ቀን 2022 ስትፈታ እሱ እዚያው ቀረ፤ አገሩ የገባው በፌብሩዋሪ 2025 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የለያያቸው የጥፋታቸው መጠን ብቻ አይደለም፤ አንዷን ሚሊዮኖች ያውቋታል፣ ሌላውን የሚያውቁት ተማሪዎቹና ቤተሰቡ ናቸው። በ2019 ከሕንድ ወደ ቴል አቪቭ ስታልፍ እዚያው ሞስኮ 10 ግራም በማይሞላ ካናቢስ ተይዛ ሰባት ዓመት ተኩል የተፈረደባት እስራኤላዊት ወጣትም፣ አገሯ ሙሉ ተነሥቶላት በጃንዋሪ 2020 በምሕረት ተፈትታ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር በአንድ አውሮፕላን ቤቷ ገባች። በዚያን ጊዜ ቤተ እስራኤላዊው አቬራ መንግሥቱ በሐማስ እጅ ጋዛ ውስጥ ከገባ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሐማስና ሩሲያ አንድ አይደሉም፣ ድርድሩም አይወዳደርም፤ ቢሆንም የእሱ ጉዳይ ለአሥር ወራት ያህል ለሕዝብ ሳይነገር መቆየቱን፣ የቤተሰቡም አቤቱታ በየጊዜው ሰሚ ማጣቱን ማንም አይክድም። ይህ ሁሉ ያንገበግባል። መፍትሔው ግን ከግራይነር ላይ ድምፅ መቀነስ አይሆንም። እሷ ብትረሳ ፎገል አንድ ቀን ቀድሞ አይወጣም ነበር። ይልቁንም የብዙ ጋዜጣ አንባቢ የፎገልን ስም መጀመሪያ ያየው ከእሷ ስም ጎን ነው፤ እሷም ከተፈታች በኋላ በውጭ አገር የታሰሩ አሜሪካውያን ቤተሰቦች ካቋቋሙት ዘመቻ ጋር አብራ ቆማለች። የሚያስወቅሰን ለዝነኛዋ መጮሃችን ሳይሆን እሷ ስትፈታ ጩኸታችንን ማቆማችን ነው።

ግራይነርን ለማስፈታት የተከፈለው ዋጋ ከባድ መሆኑንም አልክድም። በአቡ ዳቢ የተለወጠችው በሩሲያዊው የጦር መሣሪያ ነጋዴ በቪክቶር ቡት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው። ቡት ግን ከ2008 ጀምሮ 14 ዓመት ታስሯል፤ የፈረዱበት ዳኛ ራሳቸው ሕጉ ያስገደዳቸው ዝቅተኛ ቅጣት የበዛ እንደነበር በይፋ ተናግረዋል። ዋጋውን የቆረጡት መንግሥታት ናቸው፤ የደጋፊዎቿ ጥያቄ ትውጣ የሚል እንጂ በማን ትለወጥ የሚል አልነበረም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት መሐንዲስ በሻንጣዋ ኮኬይን ተገኝቶ ቻይና ውስጥ ስትያዝ፣ የሞት ፍርድ ይጠብቃታል በሚል ስጋት ሕዝቡ ተንቀሳቅሶ ነበር። በጎ ሥራ ነበር። የዘመቻው ምሰሶ ግን ወጣቷ አታውቅም፣ ጓደኛዋ አድርሺልኝ ብላ በሰጠቻት ዕቃ ተታልላለች የሚል ነው። መንገደኛ ሁሉ የሰው አደራ በሚሸከምበት አገር ይህ በቀላሉ የሚታመን ነው፤ ሊታመንም ይገባል። ግን እያወቀ የተሸከመውስ? ለደላላ ዕዳ ሲል፣ ወይ ድንበር ለመሻገር ሌላ መክፈያ አጥቶ ሐሺሽ የያዘውስ? ስለ እሱ ሲወራ አንገታችንን እንደፋለን፤ "ስማችንን አስጠፋ" ብለን እናልፋለን። ሳውዲ ዓረቢያ ለሦስት ዓመት ያህል አቁማው የነበረውን በዕፅ ወንጀል የሞት ቅጣት የመፈጸም ልማድ በኖቬምበር 2022፣ ግራይነር ወደ ሞርዶቪያ ወህኒ በተወሰደችበት ወር፣ ዳግም ጀምራዋለች። ቅጣቱ ከተፈጸመባቸው መካከል በሐሺሽ ዝውውር የተከሰሱ ኢትዮጵያውያን አሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደዘገበው በእነዚህ ክሶች የሚቀርቡ የውጭ ዜጎች ብዙ ጊዜ በቂ ጠበቃም፣ የሚረዱት አስተርጓሚም፣ የአገራቸው ቆንስላ ድጋፍም ሳያገኙ ነው የሚፈረድባቸው። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምንሰማው ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ ያም ከሰማን።

"ለእነሱ ከጮህን ሌላውን ማደፋፈር ይሆናል" የሚል አይጠፋም። አንድ ስደተኛ ሐሺሽ ለመሸከም የሚወስነው አዲስ አበባ ውስጥ ማን ይጮህልኛል ብሎ አስቦ አይመስለኝም። የሚጠየቅለትም ያለ ቅጣት ይለቀቅ ተብሎ አይደለም፤ እንዳይገደል፣ የተባለውን እንዲረዳ፣ የሚከራከርለት እንዲኖር ነው። የ1963ቱ የቪየና ስምምነት ለታሰረ የውጭ ዜጋ ቆንስላው እንዲነገርለትና እንዲጠይቀው መብት ሲሰጥ ንጹሕና ጥፋተኛ ብሎ አይለይም። እንግዲያው ጋዜጦቻችን፣ የሕዝብ ተወካዮችና የዳያስፖራው ማኅበራት ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያቀርቡት ጥያቄ አሁኑኑ ሊቀርብ የሚችል ነው። በዕፅ ክስ በውጭ የታሰሩ ዜጎች ስንት ናቸው? የሞት ፍርድ ያለባቸውስ? ማን፣ መቼ ጎበኛቸው? በችሎት የተናገሩትን ማን ተረጎመላቸው? መልሱ በየመንፈቁ ለምክር ቤቱ ይቅረብ፤ ቤተሰብም በሳምንቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን ደውሎ ሰው የሚያገኝበት አንድ የስልክ ቁጥር ይኑረው።