«ሜክ» ነው ወይስ «ዱ»?

የዛሬው አስተያየቴ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርታችን ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የክፍላችን ልጅ ጥያቄ ስትመልስ ተሳሳተችና «አይ ዲድ ኤ ሚስቴክ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ምኑ እንዳሳቀ አልገባኝም ነበር፤ ሰው ሲስቅ አይቼ ነው የሳቅሁት። ለካስ «አይ ሜድ ኤ ሚስቴክ» ነው የሚባለው። ማታ ደብተሬን ስገልጥ እኔም ሁለት ቦታ እንደሷ ጽፌአለሁ። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም።

እስቲ ፍረዱ፣ ምን አጠፋች? በአማርኛ የቤት ሥራም «ሠራሁ»፣ ስህተትም «ሠራሁ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ለቤት ሥራ «ዱ»፣ ለስህተት «ሜክ» ነው የሚለው። እኛ ትኩረት እንሰጣለን፤ እነሱ «ፔይ አቴንሽን» ብለው ይከፍላሉ (ብር ይመስል!)። እኛ በቃላችን የምንይዘውን እነሱ «ለርን ባይ ሃርት» ይሉታል፣ በልብ መማር እንደማለት። ፈተና ወደቅሁ ለማለት «ፎል» ያለ ልጅ ከዛፍ የወደቀ ይመስላል፤ ለፈተና «ፌይል» ነው። የሚያሳስተን ደግሞ አንዳንዴ መግጠሙ ነው። ፈተና እንወስዳለን፣ እነሱም «ቴክ ኤን ኤግዛም» ይላሉ። ከዚያ ሁሉም እንደዚህ የሚገጥም ይመስለናል።

አማርኛም እኮ እንዲሁ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ሲጎብዝ ቅኔ ይዘርፋል። «ቅኔ ሰረቀ» ብል አያቴ ይስቁብኛል። እዚህ ዘጌ ቡና ይለቀማል እንጂ አይታጨድም፤ ታንኳ ይቀዘፋል እንጂ አይነዳም። ይህንን ማንም በዝርዝር አላስጠናንም፣ ሁለቱን ቃል አብረን እየሰማን ነው ያደግነው።

እንግሊዝኛ ላይ ግን አንዱን ቃል ብቻውን ነው የምንይዘው። ሰሌዳው ላይ «ሚስቴክ» ይጻፋል፣ ከጎኑ «ስህተት»፣ አለቀ። ሃያ ቃል ሸምድጄ አንድ ዓረፍተ ነገር ያቅተኛል። በኔ አስተያየት መምህሮቻችን ቃሉን ከጓደኛው ጋር ቢጽፉልን ይሻላል። አንዳንድ ተማሪዎች «ጥናት ይበዛብናል» ይላሉ። ይበዛል፣ አልክድም። ግን ሃያ ከምንይዝና መናገር ከሚያቅተን አሥር ይዘን ብንናገር ይሻላል። 9ኛ ክፍል ስንገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ እጅ ሳያወጡ መቀመጥ አያዋጣም።

ሚኒ ሚዲያችንም ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በየቀኑ አንድ ጥንድ ቃል ቢያነብልን እላለሁ። የመጀመሪያው «ሜክ ኤ ሚስቴክ» ይሁን። ያቺ ልጅ እንድታነበው ጠይቄአታለሁ፣ ስለሳቅሁም ይቅርታ ብያታለሁ። አስብበታለሁ ብላኛለች።