የአያቶቻችንን ኪታብ ሳናነብ አንፍረድ



የሴሚስተሩ እረፍት ደርሷል። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ሻንጣችንን ሸክፈን ወደየቤታችን ስንሄድ ብዙዎቻችን ከልብሱና ከመጽሐፉ ጋር እርማትም ይዘን እንሄዳለን። አያታችን መንዙማ ሲያንጎራጉሩ «ይኼ ባህል ነው እንጂ ዲን አይደለም» እንላቸዋለን። አባታችን በልጅነታቸው የቀሩበትን የመንደሩን ሸኽ ስም ሲያነሱ ፊታችንን እናጠቁራለን። በጀመዓችን ውይይቶች ላይም «የባህል እስልምና» የሚለው አነጋገር ከስድብ የማይተናነስ ሆኗል። በዚህች ጽሑፍ ልሞግተው የምፈልገው ይህንኑ አነጋገር ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በተውሒድ ላይ ድርድር የለም። ከአላህ (ሱ.ወ) ውጭ ያለን አካል መለመንን ማንም «የአገር ልማድ ነው» ብሎ ሊያሳልፈው አይችልም። ዑለሞቻችን ይህንን በማስረጃ ሲያስተምሩ መስማት ግዴታችን ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የትኛው ዲን፣ የትኛው ባህል እንደሆነ የለየው ማን ነው? ምን አንብቦ ነው የለየው? የፊቅህ ዑለማእ ዑርፍን፣ ማለትም የሕዝብን መልካም ልማድ፣ ከሸሪዓ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ በፍርድ ውስጥ ቦታ ሰጥተውታል፤ ከአምስቱ ታላላቅ የፊቅህ መርሆዎች አንዱ ስለዚሁ የሚናገር ነው። ስለዚህ «ባህል» ብሎ መጥራት በራሱ ውድቅ ማድረጊያ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ገና ሥራ ይቀራል።

የእምነት ታሪክ በዓለም ዙሪያ የሚያሳየን ይህንን ሥራ የሠሩ ሰዎችን ነው። በቻይና ሺዓን ከተማ የሚገኘውን ታላቁን መስጂድ ፎቶ ያየ ሰው መጀመሪያ መስጂድ መሆኑን ይጠራጠራል። ጉልላት የለውም። ጣሪያው ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ፣ እንደ አገሩ ቤተ መንግሥት የተሠራ ነው፤ ሚናራውም ጣሪያ በጣሪያ ላይ የተደራረበበት የቻይና ማማ ነው። የዛሬው ሕንፃ በአብዛኛው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሥራ ነው። ነገር ግን የቻይና ቤተ መቅደሶች በልማድ ወደ ደቡብ ሲዞሩ ይህ መስጂድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ፊቱን ወደ መካ አዙሯል። ግንበኞቹ ጣሪያውን ከአገራቸው ወሰዱ፤ ቂብላውን ግን አልነኩም። በዚያው አገር ሊዩ ጂ የተባሉ ዓሊም እ.ኤ.አ. በ1704 የእስልምናን ትምህርት በቻይንኛ፣ የኮንፊሽየስ ሊቃውንት በሚያውቁት ቋንቋና አነጋገር አሳትመዋል። በካይፈንግ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1820 የተሠራ የሴቶች መስጂድ አለ፤ ሴት አስተማሪ ሴቶችን የምታስተምርበትና የምታሰግድበት። (እህቶቻችን በየግቢው የሚጨናነቁባቸውን ጠባብ ክፍሎች ሳስብ ይህ ምሳሌ ለእኛም ብዙ የሚለው ያለ ይመስለኛል፤ ለሌላ ዕትም ይቆየን።)

በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት የምትገኘው ኩዱስም እንዲሁ ናት። በከተማዋ ያለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ ሚናራ በቀይ ጡብ የተሠራ ሲሆን ቅርጹ የጥንቱን የሂንዱ-ጃቫ ቤተ መቅደስ ይመስላል። በአካባቢው ሲወርድ ሲዋረድ እንደሚነገረው፣ ሱናን ኩዱስ በመባል የሚታወቁት ዓሊም የሂንዱ ጎረቤቶቻቸው ላምን ስለሚያከብሩ ተከታዮቻቸው ላም እንዳያርዱ ጠይቀዋል። ዛሬም የኩዱስ ታዋቂ ሾርባ በጎሽ ሥጋ ይሠራል። ላም ማረድ ሐላል ነው፤ ሸኹ ሐራም አላሉትም። ለሰው ልብ ሲባል የተተወ ሐላል ነው እንጂ።

ሩቅ መሄድ ግን ለምን አስፈለገ? ስለ ነጃሺና ስለ መጀመሪያው ሂጅራ በዚህ መጽሔት ብዙ ተጽፏል፤ በዚያና በዛሬ መካከል ስላለው ረጅም ዘመን ግን እምብዛም አንነጋገርም። እኔ የማነሳው ወሎን ነው።

በወሎ ገጠር ዐረብኛ የማያውቅ ገበሬ ተውሒድን፣ የሰላትን ሥርዓት፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ የተማረው በምንድን ነው? ሸኾቹ ለደረሶቻቸው ነህውና ፊቅህ በዐረብኛ ኪታብ ያስቀሩ ነበር። ለሕዝቡ ግን በአማርኛ ግጥም ገጠሙለት። ግጥሙንም በዐረብኛ ፊደል ጻፉት፤ ዓጀሚ የምንለው ይህ ነው። በዐረብኛ ፊደል ውስጥ «ጨ» ወይም «ኘ» የለም፤ ስለዚህ ባሉት ፊደላት ላይ ነጥብና ምልክት እየጨመሩ አማርኛን እንዲሸከም አደረጉት። ማንበብና መጻፍ የማይችል እረኛ ሳይቀር በቃሉ የሚይዘው ትምህርት በዚህ መንገድ ተዘጋጀ። መንዙማ ለብዙ ሕዝብ የመጀመሪያው ደርስ ነበር።

ይህ ትምህርት የተፈተነበት ጊዜም አለ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ አዘዙ። መኳንንቱ ተጠመቁ፤ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሕዝቡ ግን ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉ አመፀ፣ ከፊሉ በላይ እሺ ብሎ በውስጡ ሃይማኖቱን ይዞ ቆየ። ከተቃውሞው መሪዎች አንዱ ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር ናቸው። እኚሁ ሰው ዛሬም ድረስ የሚነገርላቸው የአማርኛ መንዙማ ገጣሚ ናቸው። ይህንን ሳነብ ሁልጊዜ ቆም ብዬ አስባለሁ። ለእምነቱ የተዋጋውና በአማርኛ የገጠመው አንድ ሰው ነው። እኛ «ባህል» እና «ዲን» ብለን በሁለት ከረጢት የከፈልነውን እሳቸው በአንድ እጅ ይዘውት ነበር። ኪታብ ሲቃጠል፣ መስጂድ ሲዘጋ፣ በቃል የተያዘ ግጥም ማንም ሊወርሰው አይችልም፤ በዚያ ክፉ ዘመን አያቶቻችን ልጆቻቸውን ምን እያሉ እንዳሳደጉ ማሰብ ለእርማት የምንቸኩለውን ሰዎች ትንሽ ሊያዘገየን ይገባል።

«በመንዙማ ውስጥ ግን ከዐቂዳ አንጻር የሚያስጠይቅ ስንኝ አለ» የሚል ወንድም ይኖራል። ሊኖር ይችላል። እንዲያ ከሆነ ስንኙን ለይተን እናውጣ፤ ለዓሊም እናቅርብ፤ ተከራክረንም እንለይ። ስንኝ ሳይጠቅሱ ሙሉውን ቅርስ መጣል ግን የዒልም ሥራ አይደለም። ደግሞም የወሎ ዑለማእ የሕዝቡን ልማድ ዝም ብለው የተቀበሉ ሰዎች አልነበሩም። የጀማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአካባቢያቸው ከእስልምና ውጭ የሆኑ ልማዶችን ሲታገሉ ኖረዋል። ተችት የእኛ ትውልድ የፈጠረው ነገር አይደለም። ልዩነቱ እነሱ ሕዝቡ መካከል ተቀምጠው፣ በቋንቋው እየተናገሩ ማረማቸው ነው። እኛ ደግሞ በሁለት ሳምንት እረፍት ጨርሰን ልንመለስ እንፈልጋለን።

ሳያነቡ መፍረድ የት እንደሚያደርስ በዘመናችን አይተናል። ቲምቡክቱ የሰሃራ ዳርቻ የዒልም ከተማ ነበረች። ከታላላቅ ልጆቿ አንዱ አሕመድ ባባ በሞሮኮ ወታደሮች ተይዘው ወደ ማራኬሽ ሲወሰዱ 1,600 ኪታቦች እንደጠፉባቸው ተናግረዋል፤ ያውም ከቤተሰባቸው ትንሹ የመጻሕፍት ስብስብ የእሳቸው እንደነበር ገልጸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከተማዋን የያዙ ታጣቂዎች «ሽርክን እናስወግዳለን» ብለው የጥንት ዓሊሞችን መቃብር በዶማና በመዶሻ አፈረሱ። ከተማዋን ለቀው ሲወጡም በአሕመድ ባባ ስም የተቋቋመው ተቋም ውስጥ ያገኟቸውን ኪታቦች አቃጠሉ። ከተቃጠሉት መካከል የፊቅህና የቁርኣን ትምህርት ኪታቦች ይኖሩ አይኖሩ እንደሆነ እሳት ያቀጣጠለው ሰው አላገላበጠም። ማፍረሱን ከመሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። አብዛኛው ኪታብ የተረፈው ግን በፍርድ ቤት አይደለም። የከተማዋ ሰዎች አስቀድመው በሣጥን እያደረጉ፣ በመኪናና በጀልባ እየጫኑ ወደ ባማኮ ስላሸሹት ነው። እነዚያ ያሸሹትም ሙስሊሞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ኪታቡን ከአባቶቻቸው የወረሱ ቤተሰቦች።

በግቢያችን መስጂድ ውስጥ ዶማ የያዘ የለም፣ አልሐምዱሊላህ። የእኛ አደጋ ሌላ ነው፤ ቸልታ። ኪታቡን የሚያቃጥለው ሳይኖር ምስጥና ዝናብ ይበላዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ (ረሒመሁላህ) በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ጥናታቸውን የሠሩት በየቤተሰቡ እጅ የነበሩ የእጅ ጽሑፎችን እየፈለጉና ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ነው። ያኔ ያነጋገሯቸው ሽማግሌዎች ዕድሜ ምን ያህል እንደነበር አስቡት። ዓጀሚ ደግሞ ፊደሉን ያወቀ ሁሉ የሚያነበው አይደለም፤ የዐረብኛ አናባቢ ሦስት ሲሆን የአማርኛው ሰባት ነው፤ ጽሑፉን ዜማውን በሚያውቅ ሰው አፍ መስማት ያስፈልጋል። ኪታቡ ተርፎ አንባቢው ካለፈ ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ እረፍት ከእርማቱ በፊት ጥያቄ ይዘን እንሂድ። አያታችንን «ይህን ከማን ቀሩት?» ብለን እንጠይቃቸው። የሸኻቸውን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የቀሩበትን ኪታብ ስም እንጻፍ። በቤት ውስጥ የተጠቀለለ የእጅ ጽሑፍ ካለ በባለቤቱ ፈቃድ ገጽ በገጽ በስልካችን ፎቶ እናንሳው፤ ሽፋኑንና በኅዳጉ የተጫረውንም ሳይቀር፤ የቤተሰቡ የልደትና የሞት መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የተቀደደውን በፕላስተር አንለጥፍ፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንጥረግ። ኪታቡን ከቤት ይዘን አንውጣ፤ የአደራ ነገር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ «አነበዋለሁ» ብሎ ወስዶ ያልመለሰ ሰው ገጥሞታል። አያታችን ሲያነቡት ድምፃቸውን እንቅረፅ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ በቴሌግራም መልቀቅ ደግሞ አይገባም።

ለጀመዓችን አመራር የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከእረፍት ስንመለስ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ለሁለት ሰዓት እንቀመጥ። ያመጣነውን ፎቶና ድምፅ እናቅርብ፤ ዓጀሚ የሚያነብ አንድ ሸኽ ከከተማው እንጋብዝ፤ ከኡስታዞቻችንም መንዙማን አጥብቀው የሚቃወሙት እንዲገኙ እንለምን። ስንኙ በፊታችን ተነብቦ፣ ይኼ ትክክል ነው፣ ይኼ አይደለም ይባልልን። ቢያንስ አንድ ኪታብ እኔ አመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ፤ ሁለተኛውን የሚያመጣ እህት ወይም ወንድም ስሙን ለጽሕፈት ቤቱ ቢሰጥ መርሐ ግብሩን ማሰናዳት ይቻላል።